መድኃኒት የሌለበት መርፌ ህመምን እንዴት ያስታግሳል? አኩፓንክቸርና የአንጎል ኬሚካሎች

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባሉ የምዕራብ ጎጃም ገጠሮች አንድ ሰው «መርፌ ተወጋሁ» ካለ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒት በመርፌ ተሰጠኝ ማለቱ ነው። ወገቡን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጤና ጣቢያ ደርሶ ክኒን ብቻ ይዞ ሲመለስ ቅር የሚለው መርፌ ከክኒን ይበረታል ብሎ ስለሚያምን ነው። አኩፓንክቸር ግን ከዚህ የተለየ ነው። መርፌው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ የለውም፤ ወደ ሰውነት የሚያስገባው መድኃኒትም የለም። እንዲህም ሆኖ ብዙ ታማሚዎች ከሕክምናው በኋላ ህመማቸው እንደቀለላቸው ይናገራሉ።

ታዲያ ማስታገሻው ከየት መጣ? አጭሩ መልስ፦ ከራስዎ አንጎልና ነርቮች ነው። አንጎላችን ህመምን የሚያበርዱ ኬሚካሎችን ራሱ ያመርታል፤ መርፌው የሚያደርገው እነዚህን መቀስቀስ ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን፣ ለአንዱ እየሠራ ለሌላው የማይሠራበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ህመም መቅለሉ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማለት እንዳልሆነ ያብራራል። ለዚህ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ካሰቡ ወይም በቤትዎ ለረጅም ጊዜ በህመም የሚሠቃይ ሰው ካለ፣ ከመወሰንዎ በፊት ያንብቡት።

አኩፓንክቸር ምንድን ነው?

አኩፓንክቸር ከጥንታዊ የቻይና ሕክምና የመጣ ነው። ባለሙያው በጣም ቀጫጭን መርፌዎችን በተመረጡ የሰውነት ነጥቦች ላይ ያስገባና አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያቆያቸዋል። አንዳንዴ በጣቱ ያሽከረክራቸዋል፤ አንዳንዴም በመርፌዎቹ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቅባቸዋል። የጥንቶቹ ቻይናውያን ሐኪሞች ነጥቦቹ «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል በሚያልፍባቸው መስመሮች ላይ ያሉ ናቸው ብለው ያስተምሩ ነበር። የዛሬ ተመራማሪዎች ግን ትኩረታቸው በነርቮች፣ በህብለ ሰረሰርና በአንጎል ላይ ነው።

ሕክምናው ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የሕክምና ቡድኖችን ወደ ኢትዮጵያ ስትልክ ቆይታለች። በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ የሚገኘውና በአትሌት ጥሩነሽ ዲባባ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ድል የተሰየመው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች አኩፓንክቸር የሚሰጡበት ቦታ ነው።

ህመም የሚሰማን እንዴት ነው?

ጤፍ ሲያጭዱ ውለው ወገብዎ ሲያምዎት፣ ከጡንቻውና ከመገጣጠሚያው የተነሣው ምልክት በነርቭ ተጉዞ ህብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ አንጎል ይወጣል። «አመመኝ» የሚለው ስሜት የሚፈጠረው አንጎል ውስጥ ነው።

ነገር ግን አንጎል የመጣለትን ሁሉ ዝም ብሎ አይቀበልም። ወደ ታች የሚወርድ የራሱ መስመር አለው፤ በእሱም ምልክቱ ገና ህብለ ሰረሰር ላይ እያለ ሊያበረታው ወይም ሊያዳክመው ይችላል። ከብት ከሰብል ለማስወጣት ሲሮጥ እግሩን እሾህ የቧጨረው ሰው ደሙን የሚያየው ቤቱ ገብቶ ሲቀመጥ ነው። ቁስሉ ቀድሞም ነበረ፤ ህመሙን ለጊዜው ያፈነው አንጎሉ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል፣ ሐሳብና ፍርሃት ሲበዛ፣ ያው የቀን ህመም በርትቶ ይሰማል።

ስለዚህ የህመም መጠንና የጉዳት መጠን ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። ይህ ማለት ግን ህመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም።

አንጎል የሚሠራው ማስታገሻ

ሞርፊን ከባድ ህመምን የሚያስታግስ፣ ከኦፒየም ተክል የሚገኝ መድኃኒት ነው። ሳይንቲስቶች አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ የሰው አንጎል ከተክል ለሚመጣ ነገር ማረፊያ ቦታ ለምን ኖረው? እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ አበርዲን ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች መልሱን ከአሳማ አንጎል ውስጥ አገኙት። አንጎል ራሱ ሞርፊን የሚመስሉ ንጥረ ነገሮችን ያመርታል። እነሱ ያገኙት ኢንኬፋሊን ይባላል፤ በኋላም ኢንዶርፊንና ዳይኖርፊን ታወቁ። ኢንዶርፊን የሚለው ስም ራሱ «ከውስጥ የሚመነጭ ሞርፊን» ማለት ነው።

እነዚህ ኬሚካሎች እንደ ቁልፍ ናቸው። በነርቭ ሕዋሶች ላይ ደግሞ ለእነሱ የተሠሩ «ተቀባዮች» አሉ። ቁልፉ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ የህመሙ ምልክት ይዳከማል። ከእነሱ በተጨማሪ ሴሮቶኒንና ኖርኤፒኔፍሪን የሚባሉ ኬሚካሎች ከአንጎል ወደ ታች የሚወርደውን ህመም አፋኝ መስመር ያግዛሉ። እነዚህ ሁለቱ ከስሜትና ከእንቅልፍ ጋርም የተያያዙ ናቸው። የተጨነቀና እንቅልፍ ያጣ ሰው ህመሙ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ምርምሩ ምን አሳየ?

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በቤጂንግ የሀን ጂሸንግ የምርምር ቡድን ለጥንቸል አኩፓንክቸር ከሰጠ በኋላ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን ከሚያጥበው ፈሳሽ ወስዶ ምንም መርፌ ላልነካት ሌላ ጥንቸል ሰጠ። ሁለተኛዋም ጥንቸል ህመምን የመቋቋም አቅሟ ጨመረ። ይህም መርፌው በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ የሚዞር አንድ ኬሚካል እንደሚያስለቅቅ ጠቆመ።

ቀጣዩ ማስረጃ የመጣው ናሎክሶን በሚባል መድኃኒት ነው። ናሎክሶን የሞርፊንን ማረፊያ ቀድሞ ይይዝና ሞርፊን እንዳይሠራ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ፣ ፈቃደኛ ሰዎች እጃቸው ላይ አኩፓንክቸር ሲደረግላቸው በጥርሳቸው ላይ የሚሰማቸው ህመም ቀነሰ። ናሎክሶን ሲሰጣቸው ግን ማስታገሱ ቀረ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት ባያገኙም፣ አኩፓንክቸር ቢያንስ በከፊል በአንጎል ውስጣዊ ሞርፊን አማካኝነት እንደሚሠራ በእንስሳት ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። የሀን ቡድንም በመርፌ ላይ የሚለቀቀው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲዘገይ (በሰከንድ 2 ጊዜ) ኢንኬፋሊንና ኢንዶርፊን፣ ሲፈጥን (በሰከንድ 100 ጊዜ) ደግሞ ዳይኖርፊን በብዛት እንደሚለቀቅ አሳይቷል።

መርፌው በገባበት ቦታ ላይም የሚሆን ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአይጦች ጉልበት አጠገብ መርፌ አስገብተው ሲያሽከረክሩ፣ አዴኖሲን የሚባል ህመም አብራጅ ንጥረ ነገር በአካባቢው ወደ 24 እጥፍ ጨመረ። የአዴኖሲን ተቀባይ በሌላቸው አይጦች ግን ህመሙ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ቡና ወዳዶች አንድ ነገር ይጠይቃሉ። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን ተቀባይ ይዘጋል፤ በአይጦች ላይም ካፌይን የአኩፓንክቸርን ውጤት እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ በሰው ላይ በበቂ ሁኔታ ስላልተረጋገጠ ቡናዎን መተው አይጠበቅብዎትም። ከሕክምናው በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ሦስቱንም ስኒ አለመደርደር ግን የሚጎዳዎት ነገር የለውም።

«ሐሳብ ብቻ ነው» የሚሉት እውነት አላቸው?

አኩፓንክቸርን ለመፈተን ተመራማሪዎች ታማሚዎችን በቡድን ይከፍላሉ። ለአንዱ ቡድን ትክክለኛው አኩፓንክቸር፣ ለሌላው ደግሞ ማስመሰያ ይሰጣል፤ ማለትም መርፌው ከነጥቡ ውጭ ወይም ከላይ ከላይ ብቻ ይገባል። በጀርመን 1,162 የወገብ ህመምተኞች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት የሚከተለውን አገኘ፦ ከ6 ወር በኋላ ትክክለኛውን ካገኙት 47.6 በመቶ፣ ማስመሰያውን ካገኙት 44.2 በመቶ፣ የተለመደውን የመድኃኒትና የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶ ተሻላቸው።

ይህ ውጤት ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ መርፌ የተወጉት ሰዎች በእርግጥ ተሽሏቸዋል። ሁለተኛ፣ ነጥቡ ላይ በትክክል መውጋቱ ብቻውን ያመጣው ልዩነት ትንሽ ነው። በኋላ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ባለሙያዎችም ትክክለኛው አኩፓንክቸር ከማስመሰያው በጥቂቱ፣ ካለመታከም ደግሞ በጉልህ እንደሚሻል አግኝተዋል።

ታዲያ ማስመሰያው ያገኛቸው ሰዎች ተታለሉ ማለት ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ ጥርሳቸውን የተነቀሉ ሰዎች መድኃኒት ነው ተብሎ መድኃኒት ያልሆነ ነገር ተሰጥቷቸው የአንዳንዶቹ ህመም ቀለለ። ናሎክሶን ሲሰጣቸው ህመሙ ተመለሰ። ስለዚህ «ይሻለኛል» የሚለው ተስፋ ራሱ ኢንዶርፊንን ያስለቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መላ ሰውነት በሚያም ፋይብሮማያልጂያ የተባለ በሽታ የተያዙ 20 ሴቶች አንጎል በምስል ታየ። ትክክለኛውን አኩፓንክቸር ባገኙት ላይ የሞርፊን ተቀባዮች ኬሚካሉን የመያዝ አቅማቸው ጨመረ፤ ማስመሰያውን ባገኙት ላይ ይህ አልታየም። የህመሙ መቅለል ግን በሁለቱም ቡድን ተቀራራቢ ነበር። አንጎል ወደ አንድ ውጤት የሚደርስበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው ማለት ነው።

ለአንዱ ሠርቶ ለሌላው የማይሠራው ለምንድን ነው?

ጎረቤትዎ በአኩፓንክቸር ተሽሎት እርስዎ ለውጥ ባያዩ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የእምነት ማነስም አይደለም። የሰዎች የአንጎል ኬሚካል ይለያያል፤ ከሚታወቁት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

ተፈጥሮ። የሞርፊን ተቀባይ በተፈጥሮ የሚያንሳቸው አይጦች ለአኩፓንክቸር የሚሰጡት ምላሽ ደካማ ነው። በሰዎችም ላይ እነዚህን ኬሚካሎችና ተቀባዮች የሚወስኑት ዘረ መሎች ከሰው ሰው ይለያያሉ።

የሚቃወም ኬሚካል። ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ንጥረ ነገር የኢንዶርፊንን ሥራ ይቃወማል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ይህ ኬሚካል ሲበዛ አኩፓንክቸር አይሠራም፤ ሲታገድ ደግሞ ውጤቱ ይሻሻላል። በጣሊያን የተደረጉ ምርምሮችም በሰው ላይ ፍርሃትና «ይብስብኛል» የሚል ጥበቃ ህመምን በዚሁ ኬሚካል በኩል እንደሚያባብስ አሳይተዋል።

መድኃኒት። ትራማዶልን ወይም ሞርፊንን የመሰሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ተቀባዮቹ ሊላመዱና ሊደነዝዙ ይችላሉ። እነዚህን መድኃኒቶች በድንገት ማቆም ግን አደገኛ ስለሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

የህመሙ ዓይነት። አኩፓንክቸር የተሻለ ማስረጃ ያለው ሥር ለሰደደ የወገብ፣ የአንገትና የጉልበት ህመም እንዲሁም ለራስ ምታት ነው። ለስብራት፣ ለኢንፌክሽን፣ ለካንሰር ወይም ለጠጠር መድኃኒት አይደለም።

ዋገምት፣ መተኮስና መታሸት

በአካባቢያችን ህመምን በቆዳ በኩል ለማከም የሚደረጉ የቆዩ ልማዶች አሉ፤ በዋገምት ደም መሳብ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ በወጌሻ መታሸት። የተደረገላቸው ሰዎች «ቀለለኝ» ሲሉ የሚናገሩት እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ቦታ ላይ የሚፈጠር ህመም አንጎል በሌላ ቦታ ያለውን ህመም ለጊዜው እንዲያፍን ያደርጋል። በእጅ ማሸትም ቢሆን የንክኪ ነርቮችን ስለሚያነቃ ህብለ ሰረሰር ላይ የህመሙን ምልክት ያደበዝዛል። ሕፃን ሲወድቅ እናት የተመታውን ቦታ የምታሸው በከንቱ አይደለም።

ልዩነቱ የጉዳቱ ላይ ነው። መተኮስ ቃጠሎና ጠባሳ ያስከትላል፤ ባልተቀቀለ ምላጭ መበጣት በሄፓታይተስ ቢ፣ በኤች አይ ቪና በመንጋጋ ቆልፍ ሊያስይዝ ይችላል። ለስላሳ መታሸትና ሙቅ ጨርቅ ግን ያለዚህ አደጋ ህመሙን ለጊዜው ሊያቀልሉ ይችላሉ። የተሰበረ ወይም የወለቀ ቦታን ማሸት ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል።

በምዕራብ ጎጃም ለሚታየው የእግር እብጠት (ዝሆኔ) ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያበጠ እግር ላይ መርፌ ማስገባት፣ መብጣትም ሆነ መተኮስ ለከባድ ኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ለዚህ እግር የሚበጀው በየቀኑ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ጫማ ማድረግ ነው። እግሩ በድንገት ቀልቶ፣ ግሎና ትኩሳት አምጥቶ ሲያም ደግሞ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ህመሙ ቀለለ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ። ኢንዶርፊን የህመሙን ድምፅ ይቀንሳል፤ ህመሙን ያመጣውን ነገር ግን አያክምም። የአከርካሪ ቲቢ የያዘው ሰው በአኩፓንክቸር፣ በዋገምትም ሆነ በዲክሎፍናክ መርፌ ለሳምንታት ሊቀልለው ይችላል። በዚያው ጊዜ ግን በሽታው አጥንቱን እየበላ ህብለ ሰረሰሩን ሊጫን ይችላል። ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ በቲቢ መድኃኒት የሚድን ሰው እግሩ ሊሽመደመድ ይችላል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ በመጀመሪያ ምርመራ ያስፈልጋል፤ አይዘግዩ፦

- የወገብ ህመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብ ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር፤ ወይም አከርካሪ ላይ የሚታይ ጉብታ
- እግር መዛል፣ መደንዘዝ ወይም በሁለቱ ጭኖች መካከል ስሜት ማጣት
- ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ወይም ሽንት እምቢ ማለት
- ከዛፍ፣ ከከብት ወይም ከመኪና ወድቆ የጀመረ ህመም
- ዕረፍት ላይ የማይቀንስና ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሣ ህመም፣ በተለይ ካንሰር በነበረበት ሰው
- የደረት ህመም ከትንፋሽ ማጠር ጋር
- በድንገት የመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ወይም ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር

ከገጠር ቀበሌ ከሆኑ በጤና ኬላው ወይም በጤና ጣቢያው ይጀምሩ። እነሱ እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ቡሬ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይልኩዎታል።

ለአኩፓንክቸር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ይገባኛል?

ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አኩፓንክቸር ደግሞ በአንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ የሕክምናውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የመኪናውን፣ የማደሪያውን፣ የአስታማሚውንና ሥራ የሚፈታበትን ቀን አብረው ያስሉ። ለአንድ ቀን ሕክምና በግ ሸጦ መሄድ ብዙም አይጠቅምም። አዲስ አበባ የሚያስጠጋዎት ዘመድ ካለ፣ ምርመራ ተደርጎልዎት አደገኛ ነገር እንደሌለ ከታወቀ፣ ህመሙም ከሦስት ወር በላይ ከቆየ ሊሞክሩት ይችላሉ። ከአምስት ወይም ስድስት ጊዜ በኋላ ምንም ለውጥ ካላዩ መቀጠሉን ከባለሙያው ጋር እንደገና ይነጋገሩበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሥር የሰደደ የታችኛው ወገብ ህመም መመሪያ አኩፓንክቸርን ከሚመከሩት አማራጮች ውስጥ አስገብቶታል። ሆኖም በዚያው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴ፣ ማሸትና ስለ ህመሙ ትምህርት ማግኘትም አሉ። ለእነዚህ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።

ከሄዱ ግን የሚከተሉትን ያረጋግጡ። መርፌው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ እርስዎ ፊት ከእሽጉ የሚወጣ ይሁን። ባለሙያው ፈቃድ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ደም የሚያቀጥን እንደ ዋርፋሪን ያለ መድኃኒት ከወሰዱ፣ ስኳር ካለብዎት ወይም ልብዎ ላይ የተተከለ መሣሪያ ካለ ቀድመው ይናገሩ። ደረት አካባቢ መርፌ ከተደረገልዎት በኋላ ትንፋሽ ካጠረዎት ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የቲቢ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን በአኩፓንክቸርም ሆነ በጸበል ምክንያት አያቋርጡ።

የራስዎን ማስታገሻ በቤትዎ መቀስቀስ

አንጎል ኬሚካሉን የሚለቀው በመርፌ ብቻ አይደለም።

እንቅስቃሴ። ሥር ለሰደደ የወገብ ህመም ተኝቶ መዋል ጡንቻን ያዝላል፤ ህመሙንም ያቆየዋል። በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በሜዳ ላይ በመራመድ ይጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ማመሙ ጉዳት እየደረሰ ነው ማለት አይደለም።

የሥራ አያያዝ። ሲያርሙ፣ ሲያጭዱ ወይም በርበሬ ሲለቅሙ በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ይበሉና ወገብዎን ያፍታቱ። ውኃና ማገዶ በአንድ ጊዜ ከሚሸከሙ ሁለት ጊዜ ያመላልሱ፤ ከተቻለ በአህያ ያስጭኑ።

እንቅልፍና ሙቀት። በተመሳሳይ ሰዓት ይተኙ፤ ማታ ቡና ይቀንሱ። በሙቅ ውኃ የተነከረና የተጨመቀ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያኑሩበት፤ ቆዳ እንዳይቃጠል በእጅዎ ይለኩት። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች እግራቸው ሙቀት ላይለይ ስለሚችል ሌላ ሰው ይለካላቸው።

መድኃኒት። ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ለአጭር ጊዜ ይረዳሉ። ነገር ግን የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ችግር፣ የደም ግፊት ካለብዎት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ ሐኪም ሳያዝ አይውሰዱ። በመርፌ መሰጠታቸው ጨጓራንና ኩላሊትን ከመጉዳት አያድንም። ሁለቱን በአንድነት መውሰድም አይገባም።

ለአስታማሚዎች

የምትናገሩትም በታማሚው አንጎል ላይ ይሠራል። በጣሊያን በተደረጉ ጥናቶች፣ ማስታገሻ ሳያውቁ የተሰጣቸው ታማሚዎች፣ «አሁን ማስታገሻ እንሰጥዎታለን» ተብለው ከተሰጣቸው ይልቅ ያው መድኃኒት ያነሰ ሠርቶላቸዋል። አባታችሁ ወይም እናታችሁ «አመመኝ» ሲሉ «ምንም የለዎትም፤ ሐኪሙም አላገኘም» ማለት ፍርሃትንና ብቸኝነትን ይጨምራል፤ ህመሙንም ያባብሰዋል። ይልቁንም «ህመምዎ እውነት ነው፤ ሐኪሙ አደገኛ ነገር እንደሌለ አይቷል፤ ቀስ እያልን እናሻሽለዋለን» ማለትና አብሮ ወደ ውጭ ወጥቶ መራመድ ይረዳቸዋል። ይህን ማለት የሚቻለው ግን ምርመራው በትክክል ከተደረገ በኋላ ነው። ቀደም ብለው ከተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች አንዱን ካያችሁ፣ ህመሙ ዛሬ ቢቀልላቸውም እንኳ ወደ ጤና ተቋም ውሰዷቸው።